ለልጄ የትኛው ሙሌት ይሻላታል? የእኔስ የብር ሙሌት ይውጣ?

የደረሰን ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ነው። የ9 ዓመት ልጄ የታች መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሯል። ቀዝቃዛ ስትጠጣ ያማታል፤ ሌሊት ግን ደህና ትተኛለች። አንዱ ክሊኒክ በመብራት የሚደርቅ ነጭ ሙሌት ያስፈልጋታል አለን። ሌላው ዱቄትና ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚሠራው ግላስ አዮኖመር ይበቃታል አለ፤ ዋጋውም ግማሽ ነው። የቱን እንመን? እኔ ደግሞ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ድሮ የተሞላ የብር ሙሌት አለኝ፤ ሜርኩሪ ስላለው ቶሎ አስወጪው የሚሉኝ አሉ። ባለቤቴ ያደገው ወንጂ ነው። ጥርሱ ቡናማ ነው፤ ያበላሸው ፍሎራይድ ነው ስለተባለ እኛ ቤት ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና አይገባም። ልክ ነን?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በቅድሚያ እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልዎ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የልጅዎ ጥርስ በሁለቱም ሙሌት ሊተርፍ ይችላል። የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ ሙሌቱ በሚገባበት ሰዓት ጥርሱ ደርቆ መቆየት ይችላል ወይስ ምራቅ ይነካዋል? የእርስዎ የብር ሙሌት ካልተሰበረና ካላመመዎ አሁን አይነካ። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ቤት ይመለስ። ምክንያቱን ረጋ ብለን እንየው።

ከሁሉ በፊት የተቦረቦረው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ይታወቅ። ልጅዎን መስኮት አጠገብ ያስቀምጧትና አፏን ትክፈት። ከፊት ከመሐል ጀምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። 4ኛው ወይም 5ኛው ከሆነ የወተት ጥርስ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ባብዛኛው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ። 6ኛው ከሆነ ግን ቋሚ ነው። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ይበቅላል። የሚበቅለው ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሆነ ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም። «የወተት ነው፣ ይወልቃል» ተብሎ ይተዋል። በሥራዬ እንደዚህ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም። ዕድሜ ልኳን ልታኝክበት የሚገባ ጥርስ ገና በልጅነቷ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ምትክም የለውም።

የወተት ጥርስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ግላስ አዮኖመሩ ይበቃታል፤ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምጽፈው ቋሚው ነው ብዬ ነው። በ9 ዓመት ልጅ ላይ እናቶች «የታች መንጋጋዋ» ሲሉ ብዙ ጊዜ እሱ ሆኖ ይገኛል።

በመብራት የሚደርቀው ነጭ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። ሬዚን የሚባል ማጣበቂያና በጣም የደቀቀ የመስታወት ብናኝ ተዋሕደው የሚሠራ ነው። ዛሬም በብዙዎቹ ኮምፖዚቶች ውስጥ ያለውን የሬዚን ዓይነት ያገኘው ራፋኤል ቦወን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962። ጠንካራ ነው፤ መልኩም ከጥርስ አይለይም። በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ እርጥበት ጠላቱ ነው። ለምን እንደሆነ አሠራሩን ካዩ ይገባዎታል።

ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ሲጨርስ ሰማያዊ ጄል ጥርሱ ላይ ይቀባል። ይህ 37 ፐርሰንት ፎስፎሪክ አሲድ ነው። ለ15 ሰከንድ ያህል ይተወዋል፤ ከዚያ በውሃ አጥቦ በአየር ያደርቀዋል። ያን ጊዜ ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ወዙን ያጣና ኖራ የተቀባ ይመስላል። በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተከፍተዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ቦንድ የሚባል ቀጭን ፈሳሽ ይቀባል። ቦንዱ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ መብራቱ ሲበራበት እዚያው ይጠነክራል። ኮምፖዚቱ ጥርሱን ጨብጦ የሚኖረው በዚህ ነው። ኢናሜልን በአሲድ ነክቶ ማጣበቅ እንደሚቻል ማይክል ቦኖኮር የተባለ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ባያሳይ ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ነጭ ሙሌት ባልኖረ ነበር።

አሁን ያ ኖራ የመሰለ ገጽ ላይ ትንሽ ምራቅ ቢነካበትስ? ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ቦንዱ የሚገባበት ያጣል። ሐኪሙ ካየው አጥቦ፣ አድርቆ፣ አሲዱን እንደገና ቀብቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ካላየው ወይም ከቸኮለ ግን ሙሌቱ ለዚያን ዕለት ምንም አይመስልም። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ልጅቷም አላመማትም። ከጊዜ በኋላ ዙሪያውን ቡናማ መስመር ይወጣል። ከዚያ ከሥሩ መብላት ይጀምራል። እናትየው «ሙሌቱ ጥራት የለውም» ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነበር፤ የተሞላው እርጥብ ጥርስ ላይ ሆኖ ነው።

የታች መንጋጋ ደግሞ ለማድረቅ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ምራቅ ከምላስ ሥር ይመነጫል፤ ምላስ ይንቀሳቀሳል፤ ጉንጭ ይጫናል። የ9 ዓመት ልጅ አፏ ትንሽ ነው፤ ትደክማለች፤ ትውጣለች። ስለዚህ ክሊኒኩን የሚጠይቁት «ዕቃው የየት አገር ነው?» ብለው አይሁን። «ጥርሷን እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታደርቁት?» ብለው ይጠይቁ። ጥሩው መልስ ራበር ዳም ነው፤ ጥርሱ ብቻ በቀዳዳ ብቅ ብሎ ሌላው አፍ የሚሸፈንበት ስስ ጎማ። እሱ ከሌለ ጥቅል ጥጥ በሁለቱም በኩል፣ የሚሠራ የምራቅ መሳቢያና ጥጡን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ረዳት ያስፈልጋል። ሐኪሙ ብቻውን ሆኖ፣ አንድ እጁ መብራት ይዞ፣ በሌላው ምላስ እየገፋ ለታች መንጋጋ ኮምፖዚት እሠራለሁ ካለ እኔ በበኩሌ ልጄን አላስቀምጥም።

ስለ መብራቱም አንድ ልበል። ሰማያዊው ብርሃን ዘልቆ የሚያደርቀው ወፍራም ነገር አይደለም። የተለመደው ኮምፖዚት የሚሞላው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ንብርብር ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር ለየብቻው፣ ባብዛኛው ለ20 ሰከንድ ያህል ይበራበታል። ሲደርቅም ከ2 እስከ 3 ፐርሰንት ያህል ይኮማተራል፤ በአንድ ጊዜ ተጠቅጥቆ ከተሞላ ከግድግዳው ይላቀቃል። መብራቱ ካረጀ፣ ባትሪው ከደከመ ወይም ጫፉ ላይ የደረቀ ሬዚን ከተለጠፈበት ደግሞ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። የብርሃኑን ጉልበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ያለው ክሊኒክ ካገኙ ደስ ይበልዎ። ለማንኛውም የጥልቅ ጉድጓድ ኮምፖዚት ጊዜ ይወስዳል። በጥድፊያ ካለቀ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ወደ ግላስ አዮኖመሩ እንምጣ። «የድሃ ሙሌት» ሲባል እሰማለሁ፤ ይህ አነጋገር በጣም ያናድደኛል። ዕቃው ለንደን ውስጥ ዊልሰንና ኬንት በተባሉ ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው ለዓለም የታወቀው። ዱቄቱ ፍሎራይድ ያለበት ልዩ የመስታወት ዱቄት ነው፤ ፈሳሹ ፖሊአክሪሊክ አሲድ። ሁለቱ ሲገናኙ ያለ መብራት ራሳቸው ይጠነክራሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን በጥርሱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር በኬሚካል በቀጥታ መያያዙ ነው። ቦንድ አይፈልግም። እርጥበትን ከኮምፖዚት በተሻለ ይችላል። ፍሎራይድም ቀስ እያለ ይለቅቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። የድሃ የተባለው ዕቃ ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ። መሰርሰሪያ የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። የበሰበሰው በእጅ መሣሪያ ተጠርጎ ይወጣል፤ ጉድጓዱ በግላስ አዮኖመር ይሞላል። በደቅ ደሴት ወይም በጣና ዳር ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ላለ ተማሪ ይህ ዘዴ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ በጀልባ ተሻግሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጦ መሥራት ይችላል። ከተማ ድረስ መጥቶ፣ አድሮ፣ ለትራንስፖርት ከፍሎ ከመታከምና በመጨረሻም ከመነቀል ይህ ስንት ጊዜ ይሻላል።

ግን ይህም ዕቃ የራሱ ሥነ ሥርዓት አለው፤ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ዱቄቱ በራሱ ማንኪያ ተለክቶ፣ ላዩ ተስተካክሎ ወረቀት ላይ ይፈስሳል። ፈሳሹ ጠርሙሱ ቀጥ ተደርጎ ተይዞ በጠብታ ይለካል። ከዚያ በግማሽ ደቂቃ አካባቢ ተቀላቅሎ ማለቅ አለበት። የተቀላቀለው ነገር ላዩ እያብረቀረቀ ጥርሱ ውስጥ መግባት አለበት። ያ ወዝ ከጥርሱ ጋር የሚያያዘው አሲድ ገና እንዳለ ያሳያል። ወዙ ጠፍቶ ፈዘዝ ካለ ጊዜው አልፏል፤ መጣል ነው። «ያሳዝናል፣ አይጣል» ብሎ የሞላ ሐኪም ያልተጣበቀ ሙሌት ነው ያስገባው። ለማቅለል ብሎ ፈሳሽ የጨመረም እንዲሁ፤ ቀጭን ድብልቅ ቶሎ ያልቃል። ሙቀትም ያፈጥነዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከቀትር በኋላ፣ ባሕር ዳር ሙቀቱ ሲጠና፣ በአንድ እጅ ተቀላቅሎ በሌላው አፍ እስኪከፈት ሲጠበቅ ወረቀቱ ላይ ይደርቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥርሱ ይዘጋጃል፣ ልጅቷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ነው የሚቀላቀለው። ከገባ በኋላ ደግሞ ላዩ ላይ ቫዝሊን ወይም መከላከያ ቅባት ይደረጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውሃ ከበዛበትም ከደረቀበትም ስለሚሰነጠቅ።

ድክመቱ ምንድን ነው? ጉልበት። ጉድጓዱ የጥርሱ ማኘኪያ ላይ ብቻ ከሆነና በጣም ካልሰፋ ወፍራሙ የግላስ አዮኖመር ዓይነት ችግር የለበትም። የጎን ግድግዳው ከፈረሰ ግን፣ ማለትም ከጎረቤት ጥርስ ጋር በሚነካካበት በኩል ከተበላ፣ ብቻውን አይችለውም። ቆሎ ስትቆረጥም ይሰበራል።

እንግዲህ ፍርዴ ይኸው። ጉድጓዱ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ርካሹን ሙሌት ያለ ሐሳብ ያስደርጉላት። ግድግዳው ከፈረሰና ልጅዎ ተረጋግታ የምትቀመጥ ከሆነ፣ ክሊኒኩም ማድረቅ የሚችል ከሆነ ኮምፖዚት። ግድግዳው ፈርሶ ልጅቷ የምትፈራና የምትንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ አሁን በግላስ አዮኖመር ይዘጋላት፤ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይታ ስትጠነክር ላዩ ተቀንሶ በኮምፖዚት ይሸፈናል። ከታች ግላስ አዮኖመር፣ ከላይ ኮምፖዚት፤ ሐኪሞቹ ሳንድዊች ይሉታል። ሁለቱን ክሊኒኮች ሊያስታርቅ የሚችለውም ይህ ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱም ሊዋሹዎት የፈለጉ አይመስለኝም፤ አንዱ ያየው የጉድጓዱን ስፋት፣ ሌላው ያየው የልጅቷን ሁኔታ ሊሆን ይችላል።

አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል፤ ጥልቀቱ። ቀዝቃዛ ሲነካት ብቻ አሟት ወዲያው የሚተዋትና ሌሊት የምትተኛ ከሆነ ነርቩ በሕይወት አለ፣ ሊድንም ይችላል ማለት ነው። መልካም ምልክት ነው። ራጅ ተነሥታ ይታይ። ድሮ የተማርነው የበሰበሰው እስከ መጨረሻዋ ተጠርጎ ይውጣ የሚል ነበር። አሁን ሐሳቡ ተለውጧል። ዙሪያው በደንብ ይጸዳል፤ ነርቩ አጠገብ ያለው ለስላሳ ክፍል ግን ነርቩን እንዳይከፍት ጥቂት ይተውና ከላዩ ጥብቅ ተደርጎ ይታሸጋል። የታሸገበት ባክቴሪያ ምግብ ያጣና ይዳከማል። ሐኪሙ «ትንሽ ትቻለሁ» ቢልዎት ስንፍና አይምሰልዎ። ነርቩ ከተከፈተም ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ኤም ቲ ኤ የሚባል ዕቃ አለ፤ መሠረቱ ከግንባታው ፖርትላንድ ሲሚንቶ የተወሰደ ነው፣ እርግጥ ለሕክምና ተጣርቶ የተሠራ። ነርቩ ላይ ሲደረግ በሥሩ አዲስ የጥርስ ግድግዳ እንዲሠራ ያግዛል። በ9 ዓመት የዚህ ጥርስ ሥር ገና መጨረሱ ነው፤ ስለዚህ ነርቩን በሕይወት ማቆየት ሥሩ በወጉ እንዲያልቅ ያደርጋል።

ከመሞላቷ በፊት ሁኔታው ከተለወጠ ግን፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳት፣ ድዷ ካበጠ ወይም መግል ከታየ፣ ተራ ሙሌት አይበቃትም። ያን ጊዜ ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መስጠት መፍትሔ አይደለም። እብጠቱን ለጊዜው ሊቀንሰው ይችላል፤ ጥርሱ ውስጥ ያለው ምንጭ ግን እዚያው ነው። ፊቷ ካበጠና ትኩሳት ካላት ቀን ሳትቆጥሩ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ እርስዎ። የብር ሙሌት፣ አማልጋም፣ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት። ቀሪው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ተቀላቅሎ ከጠነከረ በኋላ ሜርኩሪው ከብረቶቹ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። ስናኝክ በጣም ጥቂት ትነት ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ብዙ ትነት የሚወጣው ግን ሙሌቱ ሲገባና በመሰርሰሪያ ተቆርጦ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ደህና የተቀመጠ ሙሌት በእርግዝና ወቅት ማስወጣት የፈሩትን ነገር ራስዎ ወደ ራስዎ መጥራት ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 የሰጠው ምክርም ይኸው ነው፦ ነፍሰ ጡር ሴት አዲስ አማልጋም ባታስሞላ ይሻላል፤ ደህና ሆኖ የተቀመጠውን ግን ያለ ሕክምና ምክንያት አታስወጣ።

«ታዲያ ለምን ዓለም ሁሉ እየተወው ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሚናማታ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ስሙን ያገኘው ከአንዲት የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ ነው። ፋብሪካ ወደ ባሕሩ የለቀቀው ሜርኩሪ ዓሣው ውስጥ ገባ፤ ዓሣውን የበላው ሕዝብ ነርቩ ተመረዘ፤ በማሕፀን ያሉ ልጆች ሳይቀሩ ተጎዱ። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2022 አማልጋም ለወተት ጥርስ፣ ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች፣ ሐኪሙ የግድ ነው ካላለ በስተቀር፣ እንዳይሞላ ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ጥቂት ሁኔታዎችን ብቻ ትቶ ከልክሎታል። የዚህ ሁሉ ትልቁ ምክንያት አፍ ውስጥ ያለው ሙሌት ሳይሆን ከክሊኒክ በቧንቧ የሚሄደው ቁርጥራጭ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ሜርኩሪ ወደ ከፋ ዓይነት ተለውጦ ዓሣ ውስጥ ይከማቻል። እኛ ጣና ዳር የምንኖር፣ ዓሣውንም የምንበላ ሰዎች ነን። የተነቀለ አማልጋም በመታጠቢያ ሳህን እንዳይፈስስ፣ በተዘጋ ዕቃ እንዲጠራቀም እያንዳንዱ ክሊኒክ ሊጠነቀቅ ይገባል። ይህን በሙያ ጓደኞቼ ፊትም ሁልጊዜ እላለሁ።

ሙሌትዎ ከተሰበረ ወይም ካመመዎ ግን ችላ አይበሉ። 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ወር ለጥርስ ሕክምና ከሁሉ የሚመቹ ወራት ናቸው፤ ልክ እዚያ ላይ ነዎት። የተለመደው የማደንዘዣ መርፌ ሊዶኬይን በእርግዝና ይሰጣል። ነፍሰ ጡር መሆንዎን ግን ገና ሲገቡ ይንገሯቸው። ማቅለሽለሽና ማስመለስ ካለብዎ ካስመለሱ በኋላ ወዲያው ጥርስዎን አይቦርሹ። የሆድ አሲዱ ኢናሜሉን አለስልሶታል፤ ብሩሹ ያነሣዋል። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጉመጥመጡና ይትፉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ይቦርሹ።

የፍሎራይዱ ነገር። የባለቤትዎ ጥርስ ቡናማ የሆነው በእርግጥም በፍሎራይድ ሊሆን ይችላል፤ ግን በሳሙና አይደለም። ወንጂ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዓለት ብዙ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ባለቤትዎ ልጅ ሳለ፣ ቋሚ ጥርሶቹ ገና መንጋጋ ውስጥ ሲሠሩ፣ በየቀኑ ያን ውሃ ጠጣ። ኢናሜሉ ገና ከመነሻው እንደዚያ ሆኖ ተሠራ። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርስ በሚሠራበት ዕድሜ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ሲዋጥ ነው። ከዚያ በኋላ አይመጣም።

ባሕር ዳር ከስምጥ ሸለቆ ውጭ ነው፤ ያ ችግር እዚህ የለም። ልጅዎ 9 ዓመቷ ነው፤ ፈገግ ስትል የሚታዩት ጥርሶቿ ተሠርተው አልቀዋል። ሳሙናው ላይ ያለው ፍሎራይድ የሚሠራው ከውጭ ነው። አፍ ውስጥ አሲድ ሲበዛ፣ ማለትም ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ ከኢናሜሉ ካልሲየም ይወጣል። ፍሎራይድ ካለ የወጣው ይመለሳል፤ የተመለሰውም ከበፊቱ ይልቅ አሲድ ይቋቋማል። እሷ ጥርሷ እየተበላ ያለች ልጅ ነች፤ እሷን ፍሎራይድ መከልከል በጣም የሚያስፈልጋትን መንሣት ነው። ማሸጊያው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm) የሚል ይፈልጉ፤ የፍሎራይዱን መጠን የሚናገር ቁጥር ነው። ጠዋትና ማታ ትቦርሽ። አረፋውን ትትፋው እንጂ በብዙ ውሃ አትጉመጥመጥ፤ ታጥባ ታወጣዋለች። የሚወለደው ሕፃን የመጀመሪያዋ ጥርስ ስትወጣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃዋል፤ ከ3 ዓመት በኋላ የአተር ፍሬ ያህል። የወይራ መፋቂያ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ፍሎራይድ ግን የለውም፤ ከብሩሹ ጋር እንጂ በብሩሹ ፈንታ አይሁን። ለባለቤትዎም ይንገሯቸው፤ ቡናማው መልክ ካስጨነቃቸው የሚቀንስ ሕክምና አለ።

ልጅዎ ለሙሌት በምትሄድበት ቀን ሌሎቹን ሦስት 6ኛ ጥርሶቿን ያሳዩ። ካልተቦረቦሩ ሲላንት ያስደርጉላት። የመንጋጋ ጥርስ ማኘኪያ ላይ ጥልቅና ቀጭን ስንጥቆች አሉ፤ የብሩሽ ፀጉር እንኳ አይገባባቸውም። ሲላንት እነዚያን ስንጥቆች የሚደፍን ስስ ሽፋን ነው። መሰርሰሪያ የለም፣ መርፌ የለም፣ ሕመም የለም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው በመንጋጋ ጥርስ ላይ ከሚመጣው መቦርቦር 80 ፐርሰንቱን ለ2 ዓመት ይከላከላል። ማድረቅ ካስቸገረ ይህም በግላስ አዮኖመር ይሠራል። ኪስዎ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ተቦርቡሮ ላለው ጥርስ ግላስ አዮኖመሩን መርጠው በተረፈው ገንዘብ ሦስቱን ቢያስሸፍኑ እወዳለሁ። በ12 ዓመቷ ደግሞ ሌሎች አራት ከኋላ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜም እንዲሁ።

ተሞልታ ስትወጣ ከንፈሯና ጉንጯ ደንዝዞ ይቆያል። እስኪለቃት ምግብ አይሰጧት፤ ልጆች ሳያውቁት ከንፈራቸውን ያኝካሉ፣ በማግሥቱ ቆስሎ ያብጣል። ግላስ አዮኖመር ከሆነ እስከ ማግሥቱ ድረስ ለስላሳ ምግብ ትብላ፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ገንፎ። ቆሎ ለጥቂት ቀን ይቅርባት፤ ከጀመረችም ተለቅሞ ይሁን፣ ጠጠር ስንቱን ሙሌት ሰብሯል። በማግሥቱ ስትነክስ «ይህኛው ቀድሞ ይነካል» ካለችዎ መልሰው ይውሰዷት። ሐኪሙ ሰማያዊ ወረቀት አስነክሶ ከፍ ያለችውን ቦታ ያገኝና ይሞርደዋል፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከዚያ በየ6 ወሩ ትታይ፤ የሙሌቱ ዳር ላይ ቡናማ መስመር መኖር አለመኖሩን እርስዎም በየጊዜው መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ይመልከቱላት።